ከቁልፍ በፊት ሚዛን፦ ስለ አንድ የድሬዳዋ የተጎታች ጋራዥ አገልግሎት

ካራቫን የሚለው ቃል በሐረርና በድሬዳዋ ሲነሳ የሰሚው ሐሳብ ቀድሞ ወደ ግመል ቅፍለት ቢሄድ አይፈረድበትም፤ ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት የሐረርን ቡናና ቆዳ እስከ ዘይላ ወደብ ሲያወርድ የኖረው ቅፍለቱ ነበርና። እኔ የምጽፈው ግን በመኪና ጀርባ ስለሚጎተተው፣ አልጋና ምድጃ ስላለው፣ ባለ አንድ አክስል (ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዝ ዘንግ) ተንቀሳቃሽ ቤት ነው። እኔና ባለቤቴ በጂቡቲ በኩል የገባ ያገለገለ የአውሮፓ ካራቫን ገዝተን የቡናና የምሳ መሸጫ ልናደርገው ካሰብን ዓመት ሊሆነን ነው። ይህ ጽሑፍ ካራቫኑ መንገድ ላይ ሊገለብጠን ከደረሰ በኋላ ስለወሰድንበት የድሬዳዋ ጋራዥ፣ ስለሠራልን ሥራ፣ እንዲሁም ስላልወደድኩለት ነገር የምሰጠው ምስክርነት ነው።

ነገሩ የደረሰው ባለፈው ኅዳር ነው። ለታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ የምንቆምበትን ቦታ ለማየት፣ በዚያውም መጎተቱን ለመለማመድ ከሐረር ተነሣን። አወዳይን አልፈን ሐረማያ ሜዳ ላይ ስንደርስ መንገዱ ቀጥ ስላለልኝ ፍጥነቱን ወደ 75 ኪሎ ሜትር ከፍ አደረግሁ። በዚያው መካከል አንድ የጫት አይሱዙ እንደ ልማዱ በሙሉ ፍጥነቱ ደርቦን ሲያልፍ፣ የገፋው ነፋስ የካራቫኑን ጭራ ወደ አንድ ጎን ወረወረው። ጭራው ሲመለስ ከመጀመሪያው ይበልጥ ወደ ሌላኛው ጎን ሄደ፤ በሦስተኛው ምልልስ የፒካፑን ጀርባ ይዞት መሄድ ጀመረ፤ ጎታቹ ተጎታች ሆነ። እኔም አላዋቂ የሚያደርገውን ሁሉ አደረግሁ፤ መሪውን በተቃራኒው አቅጣጫ እያሯሯጥሁ አዞርሁ፣ ፍሬኑንም ረገጥሁ። አስፋልቱን ለቀን ጠጠሩ ላይ የቆምነው በችሎታዬ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ያ ከኋላ ያለው የውኃ በርሜል ነው» አለች። አላመንኳትም።

ከዚያ በኋላ ሐረር ውስጥ የጠየቅኋቸው ሰዎች ሁሉ ማለት ይቻላል መልሳቸው አንድ ነበር፤ ማረጋጊያ ያለው ማያያዣ ከውጭ አስመጣ አሉኝ። በኋላ እንደተረዳሁት ካራቫኑ ማረጋጊያ ነበረው፤ ምን እንደሚሠራ ስላላወቅን እኛው ራሳችን ከሥራ ውጪ አድርገነው ኖሯል። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ጋራዡ ከለገሃሬ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ ሲሆን በሩ ላይ ስም የተጻፈበት ቦርድ የለውም፤ አጥሩ ላይ ተደግፎ በቆመው አሮጌ ቢጫ የቦቴ በርሜል ካልሆነ በቀር አላፊ አግዳሚው አይለየውም። ባለቤቱ በወጣትነታቸው በምድር ባቡር ወርክሾፕ የሠሩ አዛውንት ናቸው። ዋና ሥራቸው የአነስተኛ ተጎታቾች አክስል፣ ፍሬንና ማያያዣ ነው፤ የውኃ ቦቴ፣ የጄኔሬተር ጋሪ፣ አልፎ አልፎም እንደ እኛው ያለ ካራቫን ይመጣላቸዋል። ካራቫኑን ባዶ አድርጌ፣ ከ40 ኪሎ ሜትር ሳላልፍ የደንገጎን ቁልቁለት ወርጄ በራቸው ላይ ስቆም ያሉኝ የመጀመሪያ ነገር «ዕቃህስ የታለ?» የሚል ነበር። ለደኅንነት ብዬ ሐረር እንዳራገፍሁት ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ የታመመውን ትተህ ጤነኛውን አመጣህልኝ፤ ሄደህ ዕቃህን እንደ ነበረ ጭነህ ና» አሉኝ። ያን ቀን በጣም ተናድጄ ነበር። ዕቃውን በሌላ መኪና አስመጥቼ በማግሥቱ በየቦታው መለስሁ፤ አሁን ሳስበው ግን ጋራዡን ከሌሎች የሚለየው ከሁሉ በፊት ይህ ጠባያቸው ነው።

በማግሥቱም ቁልፍ አላነሡም። መጀመሪያ ካራቫኑን ከመኪናው አላቅቀው እህል ነጋዴዎች በሚጠቀሙበት የከባድ መኪና ሚዛን ላይ አስወጡት፤ 1,490 ኪሎ መዘነ። ጎኑ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ የሚፈቅደው 1,400 ኪሎ ብቻ ነው። ቀጥሎ አንድ የባሕር ዛፍ እንጨት በመኪናው መጎተቻ ቁመት ልክ ቆርጠው፣ ታቹን ተራ የቤት ሚዛን ላይ፣ ላዩን በካራቫኑ ማያያዣ ሥር አቆሙት። የካራቫኑ አፍ በመኪናው ላይ የሚጭነው ክብደት 22 ኪሎ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይህ ከጠቅላላው ክብደት 1.5 በመቶ ገደማ ነው፤ ለአውሮፓ ካራቫኖች የሚመከረው ግን ከ5 እስከ 7 በመቶ ነው።

ምክንያቱ የባለቤቴ በርሜል ነበር። 150 ሊትር ውኃ ይዞ ከአክስሉ 1 ሜትር ከ80 ወደ ኋላ፣ ከኋላው ግድግዳ ተጠግቶ ተቀምጧል። ከአክስሉ እስከ ማያያዣው ያለው ርቀት ደግሞ 4 ሜትር ነው። ሽማግሌው በኖራ መሬት ላይ ጽፈው እንዳሳዩኝ 150 በ1.8 ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል 67 ኪሎ ይሆናል፤ ያ በርሜል ብቻውን የካራቫኑን አፍ በ67 ኪሎ ወደ ላይ ያነሣው ነበር ማለት ነው። እንደ ሚዛን ወይም እንደ ልጆች ዥዋዥዌ እንጨት ነው፤ አክስሉ መሐል ላይ ሆኖ ኋላው ሲከብድ ፊቱ ይቀልላል። አፉ የቀለለ ተጎታች ደግሞ መኪናውን አጥብቆ ስለማይጫነው የጎን ነፋስ ወይም የመንገድ ጉብታ በነካው ቁጥር ጭራው በነፃነት ይዋልላል።

ከዚያ ቀላሉ ሥራ መጣ። በርሜሉን አክስሉ ላይ አመጡት፤ 90 ሊትሩን አስደፍተው 60 ብቻ አስቀሩልኝ፤ «ቁልቢ ውኃ ሞልቷል፣ ውኃ በመኪና ጎትቶ የሚሄድ የበረሃ ሰው ነው» እያሉ። ከፊት አልጋው ሥር የነበረውን 40 ኪሎ የሚመዝን ጄኔሬተር ወደ ፒካፑ አዛወሩት። የጋዝ ሲሊንደሩን በቦታው ትተው፣ ከላይ ቁም ሣጥን ውስጥ የነበረውን ብረት ድስትና ሰሐን ሁሉ ወደ ወለሉ አወረዱ። እንደገና ስንመዝን ጠቅላላው 1,360፣ አፉ ላይ ያለው 81 ኪሎ ሆነ፤ ስድስት በመቶ ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ አንድ ብሎን አልተፈታም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ስለ ካራቫን በስልኩ የሚያነብ ሰው ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚል ምክርም ማግኘቱ አይቀርም። ያ ለአሜሪካ ተጎታቾች የሚሰጥ ልክ ነው፤ የእነሱ መጎተቻና ማያያዣ ለዚያ ክብደት ተብሎ የተሠራ ነው። የእኔ ማያያዣ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ መጠን 100 ኪሎ ስለሆነ የአሜሪካውን 10 በመቶ ልከተል ብል 136 ኪሎ ጭኜ ብረቱን እጎዳ ነበር። የራስን ሰሌዳ ማንበብ ይሻላል።

ሽማግሌው ጉዳዩን ያስረዱኝ በባቡር ቋንቋ ነው። ፉርጎም ቢሆን ከተወሰነ ፍጥነት ሲያልፍ በሐዲዱ መካከል ግራና ቀኝ መዋለል እንደሚጀምር፣ ከዚያ ፍጥነት በታች ግን ማንኛውም ንቅንቅ በራሱ እየደከመ እንደሚጠፋ ነገሩኝ። ካራቫንም እንዲሁ ነው። ፍጥነቱ ዝቅ ሲል ውልወላው በሁለት ሦስት ምልልስ ይሞታል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ለመሞት ይዘገያል፤ ከአንድ ወሰን በኋላ ግን እያንዳንዱ ምልልስ ከበፊቱ ይበልጣል። ያ ወሰን የት ላይ እንደሚሆን የሚወስነው በአብዛኛው የጭነቱ አደራደር ነው። የእንግሊዙ የባዝ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት የሙከራ ጥናትም ለከፍተኛ ፍጥነት መረጋጋት ዋነኞቹ ወሳኞች በአፉ ላይ የሚያርፈው ክብደት፣ የአክስሉ ቦታና ክብደቱ ከመሐል ወደ ጫፎቹ ምን ያህል እንደተበታተነ መሆናቸውን፣ የክብደቱ ብዛት ብቻውን ግን ያን ያህል ለውጥ እንደማያመጣ አሳይተዋል። በርሜሉን ከኋላው ግድግዳ ወደ ፊተኛው ግድግዳ ወስዶ በሌላ ከባድ ዕቃ ከኋላ ማመጣጠን የማይበጀውም ለዚህ ነው፤ ሁለት ጫፎቹ የከበዱ ነገር አንዴ መዞር ከጀመረ ለማቆም ያስቸግራል። ከባዱ ዕቃ መሐል፣ ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት።

ሁለተኛው ግኝት እስከ ዛሬ ሳስበው የሚያስደነግጠኝ ነው። ሽማግሌው የፒካፑን መጎተቻ ኳስ በካሊፐር ሲለኩት 47.6 ሚሊ ሜትር ሆነ። ይህ የአሜሪካኖቹ አንድ ኢንች ከሰባት ስምንተኛ የሚባለው ነው፤ የካራቫኑ ማያያዣ ግን የተሠራው ለ50 ሚሊ ሜትር ኳስ ነው። በዓይን አይለይም፤ ይገባል፣ ይቆለፋል፣ ይሄዳል። በከባድ ጉብታ ላይ ግን ተስፈንጥሮ ሊወጣ ይችላል። እኔ ፒካፑን ስገዛ ከነመጎተቻው ስለነበር ልኩን የመጠየቅ ሐሳብ እንኳ አልመጣልኝም። ከአሮጌ የአውሮፓ መኪና የተነቀለ፣ ሲለካ 49.8 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ አንገቱ ረዘም ያለ ኳስ አገኙልኝ። 49 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች የተበላ ኳስ መጣል እንዳለበትም አስጠነቀቁኝ።

ቁመቱም ትክክል አልነበረም። የአውሮፓው ደረጃ የኳሱ መሐል ከመሬት ከ350 እስከ 420 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ያዛል፤ የእኔ ፒካፕ ባሌስትራው ጠንካራ ስለሆነ 520 ላይ ነበር። ስለዚህ ካራቫኑ አፉን ወደ ሰማይ አንጋጦ ጭራው ዝቅ ብሎ ሲጎተት ኖሯል። ወደ ታች የሚያወርድ ወፍራም ብረት በአራት ብሎን አሰሩለት። ረዳታቸው በብየዳ እንዲጨርሰው ሐሳብ ሲያቀርብ «መጎተቻ አይበየድም» ብለው የተቆጡት ቁጣ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ወደ ማረጋጊያው ልመለስ። የካራቫኑ ማያያዣ ውስጥ ኳሱን ከግራና ከቀኝ ጨምቀው የሚይዙ የፍሬን ሸራ የመሰሉ ንጣፎች አሉ። ሥራቸው በሰበቃ ማያያዣው በቀላሉ እንዳይዞር ማድረግ ነው። ሰበቃ እንዲኖር ደግሞ ኳሱ ቀለምም ቅባትም የሌለበት ደረቅ ብረት መሆን አለበት። ሐረር ውስጥ አንድ ደግ ሰው እንዳይንቃቃ ብሎ ኳሱን በግራሶ ለቅልቆልኝ ነበር፤ ለተራ ማያያዣ ትክክል የሆነው ቅባት ለዚህኛው ግድያ ነው። ንጣፎቹ ግራሶ ከመጠጣታቸውም በላይ ተበልተዋል። ሽማግሌው ኳሱን በቲነርና በብርጭቆ ወረቀት አጸዱልኝ፤ አዲሱ ንጣፍ ግን ከጂቡቲ መምጣት ስላለበት እስካሁን እጄ አልገባም። ከዚህ በላይ ግን ያስደሰተኝ ንጣፉን አስቀድመው ሊሸጡልኝ አለመሞከራቸው ነው። «ማረጋጊያ የደህና ጭነት አጋዥ ነው፤ በክፉ ጭነት ላይ ከገጠምኸው ክፋቱን ይደብቅልሃል፤ አንተም አምነኸው ትፈጥናለህ» አሉኝ።

ጎማዎቹ ለዓይን አዲስ ይመስሉ ነበር። ጎናቸው ላይ ካለው የፋብሪካ ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች ግን 2311 ይላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በ23ኛው ሳምንት የተሠሩ ናቸው ማለት ነው። ካራቫን አብዛኛውን ዕድሜውን ቆሞ ስለሚያሳልፍ ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ ጎማነቱ ያልቃል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ መጠርጠር፣ ከሰባት በኋላ መለወጥ የተለመደ ምክር ነው። ሁለቱንም ለወጥን። ጎሚስታው ነፋሱን እኩለ ቀን ላይ ሊሞላ ሲል ሽማግሌው ከለከሉት፤ በድሬዳዋ ሙቀት የጋለ ጎማ የሚያሳየው ልክ ውሸት ስለሆነ በማግሥቱ ማለዳ፣ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ተሞላ።

የፍሬኑ ነገር ደግሞ የደንገጎን መንገድ ለሚያውቅ ሁሉ ትርጉም አለው። ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ደንገጎ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ ይህ ሁሉ ከፍታ ጥቂት በሆኑ ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ይወረዳል። የካራቫኑ ፍሬን የሚሠራው መኪናው ሲዘገይ ካራቫኑ ከኋላ በሚገፋው ግፊት ነው። በረጅም ቁልቁለት ላይ ካራቫኑ ያለማቋረጥ ስለሚገፋ ፍሬኑም ያለማቋረጥ እንደተያዘ ይወርዳል። ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ ቢይዝ የራሱን መኪና ፍሬን ያድናል፤ የካራቫኑ ግን በዚያ አይድንም። ያለው መፍትሔ በዝግታ መውረድና መሐል ላይ ቆሞ ማቀዝቀዝ ነው። ገመዱን አስተካክለው፣ የተበላውን ሸራ ለወጡ፤ ማያያዣው ቢላቀቅ የካራቫኑን የእጅ ፍሬን የሚስበውን ቀጭን ሽቦም ኳሱ ላይ ከጠመጠምሁበት አንሥተው ለብቻው ቀለበት አበጁለት።

የመጨረሻው የአገልግሎቱ ክፍል የመንዳት ትምህርት ነው፤ ሳይጠየቁ ከዋጋው ጋር ያጠቃልሉታል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ደወሌ በሚወስደው የክፍያ መንገድ ወጣን። ከጂቡቲ የሚመጡ ከባድ መኪኖች ከነተሳቢያቸው ሲያልፉ መጀመሪያ ይገፋሉ፣ ከዚያ ወደራሳቸው ይስባሉ፤ ይህን ቀድሞ ማወቅ ብቻውን ድንጋጤን ይቀንሳል። ሽማግሌው አጠገቤ ተቀምጠው የደጋገሙት ይህንን ነው፦ መዋለል ሲጀምር እግርህን ከነዳጁ አንሣ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ አጥብቀህ ያዝ፣ ፍሬን አትርገጥ፣ በመሪ ላርመው አትበል። የተጎታቹ ምልልስና የሰው እጅ ስለማይገናኙ ሊያርም የሚሞክር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨምርበት ጉልበት ነው። ፈጥኖ ማምለጥም የለም፤ ፍጥነት የሚዋልለውን ይመግበዋል። በ70 ላይ ሆን ብለው መሪውን በቀስታ እንድነካ ሲያደርጉኝ ካራቫኑ አንዴ ተነቃንቆ ጸጥ አለ። በሐረማያው ቀን ቢሆን ኖሮ ያችው ንክኪ ጠጠሩ ላይ ባወጣችን ነበር።

ወደ ሐረር ስንመለስ ደንገጎን በሁለተኛ ማርሽ ወጣን። 50 ኪሎ ሜትር ከሄድን በኋላ የአዲሶቹን ጎማዎች ዳዶ እንደገና እንዳጠብቅ ታዝዤ ስለነበር ከተማው መግቢያ ላይ ቆሜ አጠበቅሁ፤ ሁለቱ ላልተው አገኘኋቸው። ለንግሡ ቁልቢ ደርሰን ሦስት ቀን ቡና ሸጠን ተመለስን፤ ከ60 አላለፍሁም፤ የጫት መኪኖቹ ጡሩምባ ግን አላባራብኝም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። የመብራቱ ሥራ እንደ ሌላው ሥራ አልነበረም። የካራቫኑ ሶኬት 13 ቀዳዳ፣ የፒካፑ 7 ስለሆነ ማዛመጃ ሠርተውልኛል፤ ነገር ግን ሽቦው በፕላስተር ብቻ ተጠቅልሎ በመተዉ ቁልቢ ስንደርስ የግራው ፍሬቻ ሞተ። ለከባድ መኪኖች ከኋላ የሚናገርልን እሱ ብቻ ስለሆነ ይህን እንደ ትንሽ ነገር አላየውም። ተመልሼ ስሄድ ያለ ክፍያ በደንብ ሠሩልኝ፤ ቢሆንም የደንገጎ መንገድ ለአንድ ሽቦ ሁለት ጊዜ የሚወረድ አይደለም። ሌላው ደግሞ የጊዜ ነገር ነው፤ በሁለት ቀን ያልቃል የተባለው ሥራ አራት ቀን ወሰደ። ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ በሙቀቱ ምክንያት በሩ ይዘጋል፤ እስከ 10 ሰዓት ድረስ ማንንም አያገኙም። ይህ የድሬዳዋ ወግ ስለሆነ አላማርርም፤ ግን ቀድሞ ቢነገረኝ አልጋ ባልያዝሁ ነበር። ሽማግሌው የለኩትን ሁሉ የሚጽፉት በኖራ መሬት ላይ መሆኑም አልተመቸኝም፤ ክብደቱንና የጎማውን ነፋስ ልክ በወረቀት ቢሰጡ ደንበኛው ቤቱ ገብቶ አይረሳም ነበር። እኔ በስልኬ ፎቶ አነሣሁት።

ለጉልበት፣ ለሚዛንና ለትምህርቱ በጠቅላላ 6,500 ብር ከፈልሁ፤ ኳሱ፣ ጎማዎቹና የፍሬን ሸራው ለብቻ ተገዝተዋል። ደረሰኝ ካስፈለገ ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ካራቫኑን ወይም ጋሪውን በሚጓዝበት ጭነት ልክ ጭኖ፣ ሊብሬውን ይዞ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ቢደርስ መልካም ነው። እኔ ንጣፉ ከጂቡቲ ሲመጣ ለማስገጠም እንደገና እወርዳለሁ፤ ባለቤቴም አብራኝ እንደምትመጣ ነግራኛለች፤ ሽማግሌው በርሜሉን ማን ቀድሞ እንዳወቀው ሰምተው ሊያገኟት ጠይቀዋል።